ሐበሻ የማይሄድበት ተራራ

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ከሌሊት ሺፍት ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ኤርፖርት የኪራይ መኪና ሊያጥብ ሄዷል። መስመሩ ትንሽ ተንሿሿ፣ ከዛ የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ መጣ። የጓደኛዬን ስም ጠርቶ "አንተ ነህ ልጄ?" አለኝ። አይደለሁም፣ አብሬው የምኖር ነኝ አልኩት። ዝም አለ። በዛ ዘመን ከአዲስ አበባ አሜሪካ መደወል ቀልድ አልነበረም። ደውሎ ዝም የሚል ሰው ምን ይዞ እንደሚደውል ማንም ሐበሻ ያውቀዋል።

"አጎቱ ነኝ" አለ። "እናቱ አርፋለች። ቀብሯም አልቋል። እዛ ላሉት ትልልቅ ሰዎች ንገርና በአግባቡ ያርዱት። ሜዳ ላይ እንዳይሰማ፣ አደራ።"

ስልኩን ዘጋው።

እናቱ። እኛ ሁላችንም ስንጠብቅ የነበረው እኮ አባቱን ነው። አባትየው ኩላሊቱን ከታመመ ቆይቷል። ጓደኛዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል፣ መድኃኒት የሚወስድለት መንገደኛ ሲፈልግ ነው የሚውለው። እናቱ ግን ጤነኛ ነበረች። አስታማሚዋ እሷ ነበረች። በሽተኛው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አስታማሚዋ ሄደች።

በአውቶብስ ሾርላይን የሚባለው ሰፈር ሄድኩ፣ ጋሼ ጋ። ጋሼ የእድራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያትል ውስጥ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ አማተቡ፣ ከዛ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አዩ።

"እሁድ ጠዋት" አሉ።

"ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ ጋሼ።"

"እሱንማ አየሁት።"

"እና እስከ እሁድ ፊቱን እያየሁ ልዋሸው?"

"ማን ውሸት አለህ? ዝም በል ነው ያልኩህ። ሰው ሥራ ላይ ነው። ታኮማ ከተማ ያሉት ቅዳሜ ኦቨርታይም አላቸው። ልጁ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? አንተ ብቻህን ትይዘዋለህ? እናት እኮ ናት።"

ተናደድኩ። እኔ የምናደድበት ነገር ነበረኝ። ከዛ በፊት በነበረው ዓመት የእኔን ወንድም መርዶ እነሱው እነ ጋሼ ለቅዳሜ ቀጥረውት ነበር። እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው የምቀመጠው። ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ሐበሻ ሴትዮ መኪናዋን አስጠግታ መስኮቷን ዝቅ አደረገች። ቲኬቷን ሰጠችኝና "ወንድምህን ሰማሁ፤ እግዜር ያጥናህ" አለችኝ።

"ምኑን ሰማሽ?" አልኳት።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን ለቀቀው። ምን ላርግ? መልሷን ሰጠኋትና አግዳሚውን አንስቼ አሳለፍኳት። ከኋላዋ ያለውንም አሳለፍኩት። ከሱ ኋላ ያለውንም። ሰውዬው ሂሳቡን ይከፍላል፣ እኔ ሃቭ ኤ ናይስ ደይ እላለሁ። ሺፍቴ እስኪያልቅ ወንድሜን እንደዛ ነው የቀበርኩት።

ይሄንን ለጋሼ ደገምኩላቸው። ሳይቆጡ ሰሙኝ።

"ያንተን አበላሽተነዋል" አሉ። "የሱን እንዳናበላሽ ነው የምልህ። እስከ እሁድ ጠብቅልን፣ ሌላ ምንም አልጠየቅንህም።"

እሺ አልኩ። ለጋሼ ብዬ አይደለም። ጓደኛዬ እንደኔ መኪና እያጠበ፣ ስፖንጅ ይዞ፣ ከማንም ወሬኛ አፍ እንዳይሰማ ብዬ ነው። ሰው ከቦት፣ ቤቱ ውስጥ፣ ማልቀስ የሚችልበት ቦታ ላይ ይስማ። ይቺን ብቻ።

ቤት ገብቼ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩና ተበላሽቷል አልኩት። ሞባይል ገና በኛ እጅ አልገባም፣ ሶ ስልኩ ቀላል ነበር። ሐሙስና ዓርብ ሥራ ላይ ነው፤ እዛ ያሉትን ሐበሾች ጋሼ አስጠንቅቀዋቸዋል። የሚያስፈራው ቅዳሜ ነው። ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦፍ ነው፤ ጠዋት ሐበሻ ሱቅ እንጀራ ይገዛል፣ ከዛ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ከዛ ሬስቶራንቱ ውስጥ ፑል ይጫወታል። ወሬው ደሞ ረቡዕ ማታውኑ ከተማውን ዞሮ ጨርሷል። ሰፈራችን ሌክ ሲቲ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

"ሐበሻ የማይሄድበት ቦታ ውሰደው" አሉኝ ጋሼ።

ሐበሻ የማይሄድበት ቦታ። እስኪ አስቡት። ሆስፒታል ብትሄድ ፅዳቱ ሐበሻ ነው፣ ኤርፖርት ብትሄድ ታክሲው ሐበሻ ነው፣ ካዚኖ ብትሄድ እነ እንትና አሉ። ከዛ ኮሌጁ ትዝ አለኝ።

እኔ አገር ቤት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። እዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ የእንግሊዝኛ ክላስ ይዤ ነበር፣ ሰዓቱ ለሺፍቴ ስለተስማማኝ ብቻ። ስለ ምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩም። ስገባ ለካ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ተራራ ለተራራ ይዞሩ የነበሩ የአውሮፓ ጸሐፊዎች የጻፉትን ማንበብ ነው። አስተማሪዋ ካልሲ በሰንደል የምታደርግ፣ ድምጿ የማይሰማ ፈረንጅ ናት። ከነሱ በፊት የነበረው ሰው ተራራ ይጠላ ነበር ትላለች፤ ሀብታሙ በተራራ ሲያልፍ እንዳያየው የሰረገላውን መጋረጃ ይዘጋ ነበር። ከዛ እነዚህ መጡ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሙ፣ ፈሩ፣ ፍርሃቱ ደስ አላቸው፣ ቤታቸው ገብተው ጻፉት። ከዛ ወዲህ ዓለም ሁሉ ተራራ ቆንጆ ነው ማለት ጀመረ።

እኔ የማውቀው ተራራ እንጦጦ ነው። ሴቶች እንጨት ተሸክመው የሚወርዱበት። ማናቸውም ደስ ሲላቸው አላየሁም።

ከሚነበቡት ውስጥ አንዱ ሰውዬ በተለይ ያበሽቀኝ ነበር። ሻንጣው በበቅሎ፣ ወይኑ በኩሊ ጀርባ፣ ፊት ፊት የሚሄድ መንገድ መሪ አለው። በረዶው ምን ምን እንደሚመስል ገጽ በገጽ ይጽፋል፤ ጠዋት ሮዝ ነው፣ ቀትር ላይ ሰማያዊ ነው፣ ማታ ወይን ጠጅ ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ነፍሴ ሰፋች ምናምን ብሎ። እሺ፣ ያልቅስ። ግን መሀል ላይ አንዲት ግማሽ መስመር አለች፤ መንገድ መሪው በዛው ሳምንት ወንድሙን የበረዶ ናዳ በልቶበታል ይላል። ከዛ ነጠላ ሰረዝ። ከዛ ተመልሶ ወደ ሮዙ።

እጄን አወጣሁ። "ስለ ወንድምየው ሌላ የት ነው የተጻፈው?" አልኳት።

"የለም" አለች አስተማሪዋ። "ያኔ የነበሩት ጸሐፊዎች ወደ ራሳቸው ስሜት ነበር የሚያዩት።"

"ሰውየው ወንድሙ ሞቶበት የዚህን ሻንጣ ይዞ ይወጣል፣ ይሄኛው ደሞ እላዩ ላይ ለበረዶ ያለቅሳል?"

ክላሱ ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም። እሷም ገብቷታል መሰለኝ፣ "ይሄንን ጻፈው" አለችኝ። የሳምንቱ አሳይመንት ደሞ ተራራ ሄዶ፣ ቆሞ፣ የተሰማህን እንደነሱ አድርጎ መጻፍ ነበር።

ተራራ። ሐበሻ ተራራ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?

"ተራራ?" አለኝ ጓደኛዬ ቅዳሜ ጠዋት። ጥርሱን እየቦረሸ ነው።

"ሬይኒር። ለትምህርት ነው። መኪና ያለህ ደሞ አንተ ነህ።"

"ሄደን ምን እናደርጋለን?"

"እናየዋለን።"

"ከዚህ ይታያል እኮ። ሃይዌዩ ጋ ፓርክ አድርገህ እየውና ና።"

"ቀርበን ነው የምናየው።"

"ካየነው በኋላስ?"

"እንመለሳለን።"

ሳቀ፣ የጥርስ ሳሙናውን ተፋው። "ፀጉሬን ልቆረጥ ነበር" አለ። ሰኞ ትቆረጣለህ አልኩት። ሰኞ ፀጉሩን እንደማይቆረጥ፣ ከዛም በኋላ ለረጅም ጊዜ ፂሙን እንደማይላጭ እያወቅኩ።

ሄድን። ቶዮታዋ ሂተሯ አይሠራም፣ ብርድ ልብስ ጉልበታችን ላይ አድርገን ነው የሄድነው። ዝናብ አይሉት ጤዛ፣ ያ የሲያትል ነገር መስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል። መጽሐፉን አንብብልኝ አለኝ፣ እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኩት። የበቅሎውን፣ የወይኑን፣ የሮዙን በረዶ። እየነዳ ይስቃል።

"ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም?"

"የአባቱ ገንዘብ አለው።"

"ታዲያ ለምን ያለቅሳል?"

"ደስ ብሎት ነው።"

"ሲያለቅስ ያየው ሰው አለ? ማንም ሳያይህ ማልቀስ እኮ ምንም ዋጋ የለውም። አፍንጫህ ብቻ ነው የሚያብጠው።"

የመንገድ መሪውን ግማሽ መስመር ዘለልኩት። አፌ ላይ ደርሳ ዋጥኳት፣ ስለ ሞት የሚያወራ ነገር መኪናው ውስጥ እንዳይገባ ብዬ። ቤንዚን ማደያ ቆመን ቡና ገዛሁለት፣ ዶናት ጨመርኩ። የሱን ካሴት እንክፈት አልኩት፣ ሁልጊዜ የማልወደውን። ከተማው አልቆ ጥድ ብቻ ሲሆን ዞር ብሎ አየኝ።

"ምን ሆነሃል ዛሬ?"

"ምን ሆንኩ?"

"ከጠዋት ጀምሮ አልሰደብከኝም።"

"አንተ ደደብ፣ መንገዱን እያየህ ንዳ።"

"እሱ ስድብ አይደለም። ለወጉ ነው ያልከው።"

እኔ ምላሴ ስለታም ነው፤ ሰፈር ውስጥ እንደዛ ነው የሚያውቁኝ። ለካ ሰው ደግ ሲሆንም ያጋልጣል። ከዛ በኋላ ስድብ ልፈልግለት ሞከርኩ፣ ስለ ጆሮው፣ ስለ አነዳዱ፣ ስለተወችው ሴት ጓደኛው። አንዱም አልወጣ አለኝ። ፊቱን ሳየው እናት የሌለው ፊት ሆኖ ነው የሚታየኝ። እሱ ግን አያውቅም፣ ዶናቱን ይበላል።

ላይ ስንደርስ ተራራ የለም። ጉም ነው። መኪና ማቆሚያውና ሽንት ቤቱ ይታያል፣ ከሱ ወዲያ ነጭ ነው። ፈረንጆቹ በየብትራቸው፣ በየኮፍያቸው ወደ ነጩ እየገቡ ይጠፋሉ። እኛ መኪናችንን ተደግፈን ቆምን።

"የቱ ጋ ነው?" አለ።

"ፊት ለፊትህ ነው።"

"እሺ። አየሁት። ነፍሴም ሰፋች።"

ሳቅኩ። የዛን ሳምንት ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው። አሳይመንቱን ኋላ ጻፍኩት፤ ጉም ነበር፣ ምንም አላየሁም፣ በርዶኝ ነበር ብዬ ሰጠኋት። አስተማሪዋ ከጎኑ ምን ተሰማህ የሚል ጥያቄ ጽፋ መለሰችልኝ። እኔም እዛ የተሰማኝን ለሷ የምነግርበት እንግሊዝኛ አልነበረኝም። ቢኖረኝም አልነግራትም።

ምክንያቱም እዛው ቆመን ከጉሙ ውስጥ መዝሙር ሰማን። በአማርኛ።

ጆሮዬን አላመንኩም። የታኮማ የጴንጤዎች ቸርች ወጣቶቹን በሁለት ቫን ጭኖ ተራራ ላይ ሊጸልይ መጥቷል። ጊታር ይዘዋል። ከዛ ሁሉ ቅዳሜ ይሄንን ቅዳሜ፣ ከዛ ሁሉ አገር ይሄንን ፓርኪንግ። ና እንሂድ ብዬ ክንዱን ያዝኩት፤ ግን ዘግይቻለሁ። አንዷ አየችው። ድሮ ኤርፖርት አብራው መኪና ታጥብ የነበረች፣ አሁን ታኮማ የገባች ልጅ ናት። ገና ከሩቅ ፊቷ ተለወጠ። ያ ፊት። የፓርኪንጓ ሴትዮ ፊት። ሁለት እጇን ዘርግታ እየመጣች ነው፣ ዓይኗ ሞልቷል።

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አፏን ስትከፍት ከጀርባው ቆሜ "እሁድ ነው" አልኳት፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በዓይኔም በከንፈሬም። "እሁድ።"

ወዲያው ገባት። ሐበሻ አይደለች? አፏ ተከፍቶ ቀረ፣ ከዛ ሳቅ አደረገችው።

"ውይ፣ ናፍቀኸኝ እኮ ነው" አለችው። እንባዋ ይወርዳል። "ብርዱ ደሞ ዓይኔን አቃጠለኝ።"

"እኔም ናፍቀሽኛል" አለ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ። ከዛ እሷን ትቶ እኔን አየኝ። ስልኩን አሰበ መሰለኝ፣ ቡናውን፣ ዶናቱን፣ ያልተሰደበውን ስድብ። ሁሉም ፊቱ ላይ እየተራ ሲያልፍ ይታየኝ ነበር።

ልጅቷ ወደ ጊታሩ ተመለሰች። እሱ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ቁልፉን ግን አላዞረም።

"ለነገ ነው የቀጠሩት?" አለኝ።

ጎኑ ተቀመጥኩና በሩን ዘጋሁ።

"አትንገረኝ። እዚህ እንዳትነግረኝ። እነዚህ ብትር የያዙ ሰዎች መሀል አላለቅስም።" መሪውን በሁለት እጁ ያዘው። "አባባ ነው። አውቄዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው።"

"ስማኝ..."

"አትንገረኝ አልኩህ እኮ። በእናቴ ሞት፣ ዝም በል።"

በእናቴ ሞት አለኝ። ያንን ቃል ሰምቼ ቀበቶዬን አሰርኩ።

ስንወርድ እሱ ነው የሚያወራው። ድምፁ የተረጋጋ ነው፣ ያ ነው የገደለኝ። አባባ ተሰቃይቶ ነበር፣ አረፈ አለ። ጎበዝ ሰው ነበር፣ ተቆጪ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳን አቅፎኝ አያውቅም፣ ግን ጫማዬን ማታ ማታ እሱ ነበር የሚጠርግልኝ አለ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል፣ መልሶ ይነዳል።

"እማዬ አሳዘነችኝ" አለ። "ስታነሳው ስታስተኛው ወገቧ አለቀ። አሁን እንኳን ትንሽ ታርፋለች። ወረቀት እጀምርላታለሁ። እዚህ ትመጣለች። ያንተን ክፍል ትወስዳለች፣ አንተ ሶፋው ላይ ትተኛለህ።"

"እሺ" አልኩት።

"ትሰድበኛለህ ብዬ ነበር።"

"እሺ አልኩህ እኮ።"

ቤንዚን ማደያው ጋ እንዲያቆም አደረግኩትና ከሕዝብ ስልኩ ጋሼ ቤት ደወልኩ። ልጃቸው አነሳ፣ በእንግሊዝኛ። አባቱ የሉም፣ ሰው ሊሰበስቡ ወጥተዋል፣ ሜሴጅ ልያዝልህ አለኝ። ለአሥር ዓመት ልጅ፣ አማርኛው ከሰላምታ ለማያልፍ፣ ልጁ የሞተው አባቴ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ የሞተችው ግን እናቱ ናት ብዬ እንዴት አድርጌ ላስይዘው? ምንም አልኩና ዘጋሁ። መኪናው ውስጥ ጓደኛዬ ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ ነበር።

ቤት ስንገባ ገላውን ታጠበ። ከዛ የአፓርትመንቱ ማናጀር ጋ ወርዶ ታጣፊ ወንበሮች ለመነ፣ እንግዳ ይመጣብኛል ብሎ። ራሱ ተሸክሞ አወጣቸው። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋን፣ ቴሌቪዥኑን አንሶላ አለበስነው። የገዛ ለቅሶውን ሲያዘጋጅ እኔ እረዳዋለሁ። ሁለቴ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሁለቱንም ጊዜ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ እንደ ሕፃን ማባበል። እሁድን ፈልጎት ነው። የሽማግሌውን ድምፅ፣ የሴቶቹን እጅ ፈልጎ ነው። እኔ ያጣሁትን። እንዴት ብዬ ልቀማው?

ሊነጋ ሲል መጡ። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ጫማ ሰማን፣ እንዳይሰማ ተብሎ የሚረገጥ እርምጃ። ሳያንኳኩ ከፈተላቸው። ጋሼ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ከኋላቸው የታኮማዎቹ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ሁለት የታክሲ ሰዎች ከነቁልፋቸው። በሩ ክፍት ሆኖ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ሲያዩ ግራ ተጋቡ። ጋሼን በዓይኔ ወደ ኩሽና ልጠራቸው ሞከርኩ። አላዩኝም፤ እጁን ይዘውት ነበር።

"ቁጭ በል ልጄ" አሉት። ተቀመጠ። ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ ተቀመጡ፣ ሊይዙት። "የሰው ልጅ ሁሉ እንግዳ ነው። አንተም ትልቅ ሰው ነህ፣ ታውቃለህ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና..."

"አይ ጋሼ" አለ ጓደኛዬ። በትህትና ነው ያለው፣ ትልቅ ሰው እንደሚታረም። "ተሳስተዋል። አባባ ነው።"

ሴቶቹ ለጩኸት የያዙት ትንፋሽ ደረታቸው ላይ ቀረ። ጋሼ ያዩኛል፣ እጁን እንደያዙ። የታክሲ ሰዎቹ ወለሉን ያያሉ። በሕይወታቸው ማንንም የማይፈሩት ሽማግሌ ሁለተኛ ጊዜ ሊሉት አልቻሉም።

"አባባ እኮ ነው" አለ እንደገና። አሁን እኔን ነው የሚጠይቀው።

ታጣፊ ወንበሮቹን አልፌ ሄድኩና ጉልበቱ ስር ተንበረከክኩ።

"እማዬ ናት" አልኩት። "አባባ ደህና ናቸው።"